ጋሪ ጋይጋክስ፦ ከመሠረቱት ድርጅት የተገፉት የጨዋታ ፈጣሪ

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደውን የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ለዓለም በማስተዋወቅ በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት አሜሪካዊው ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ ጁላይ 27 ቀን 1938 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከስዊዘርላንድ የተሰደዱ የቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ።

በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ ከተማ ያደጉት ጋይጋክስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሳያጠናቅቁ አቋርጠዋል። በኢንሹራንስ ሠራተኛነት ሲያገለግሉ የዕረፍት ጊዜያቸውን በጦርነት ጨዋታዎች ያሳልፉ የነበረ ሲሆን፣ በ1968 ጄን ኮን የተሰኘውን የተጫዋቾች ጉባዔ በከተማቸው አዘጋጁ። በ1970 ሥራቸውን ካጡ በኋላ ግን ቤተሰባቸውን ለማስተዳደር ጫማ ይጠግኑ ነበር።

በ1971 ከጄፍ ፔረን ጋር የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተሙ። በደንቡ ላይ ጠንቋዮችንና ዘንዶዎችን የሚመለከት ተጨማሪ ክፍል ተካትቶበታል። የሚኒሶታው ዴቭ አርነሰን ይህን መነሻ በማድረግ እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት ማዘዙ ቀርቶ አንድን ገጸ ባሕርይ ወክሎ የሚጫወትበትን ስልት አዳበሩ። አንድ መሪ ታሪኩን ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ ድርጊታቸውን ይመርጣሉ፤ ውጤቱን ባለብዙ ገጽ ዳይስ ይወስናል።

ሁለቱ ሰዎች ያዘጋጁት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ በጃንዋሪ 1974 በ1 ሺህ ቅጂዎች ታተመ። አሳታሚው ጋይጋክስ ከልጅነት ጓደኛቸው ዶን ኬይ ጋር በ1973 የመሠረቱት ድርጅት ነበር። የካፒታል እጥረት ስለገጠማቸውም ብራያን ብሉም ገንዘብ አዋጥተው በሽርክናው ገቡ።

ዶን ኬይ በ1975 በሞት ከተለዩ በኋላ አብላጫው የድርጅቱ ድርሻ ቀስ በቀስ በብሉም ቤተሰብ እጅ ገባ። አርነሰንም የፈጠራ ድርሻቸውን ለማስከበር በ1979 ክስ መሥርተው ጉዳዩ በ1981 በስምምነት ተቋጨ። ጨዋታው ከፍተኛ ገቢ ቢያስገኝም ድርጅቱ በዕዳ ተዘፈቀ። በ1985 የብሉም ቤተሰብ አክሲዮኑን ለሎሬይን ዊልያምስ በመሸጡ ጋይጋክስ ከአመራርነት ተወገዱ፤ በቀጣዩ ዓመትም ድርጅቱን ለቀቁ። የፈጠራ ባለቤትነትና የድርጅት ባለቤትነት የተለያዩ መሆናቸውን የእርሳቸው ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ጋይጋክስ ከዚያም በኋላ መጻሕፍትንና አዳዲስ ጨዋታዎችን ከማዘጋጀት አልቦዘኑም። የስድስት ልጆች አባት የነበሩት ጋይጋክስ ማርች 4 ቀን 2008 በ69 ዓመታቸው በሌክ ጄኔቫ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።