የሉሉ ጌታ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ልማዱ ከዘር ሐረግ፣ ከጦርነትና ከአዋጅ መጀመር ነው። እኛ ግን በዚህ እትም የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት ከእግራቸው ሥር በማትጠፋ በአንዲት ትንሽ ውሻ በኩል ልንመለከተው ወደድን። ውሻዪቱ ሉሉ ትባል ነበር። ዘርዋ ቺዋዋ የሚባለው፣ ስሙን ከሜክሲኮ አንድ ክፍለ ሀገር የወሰደው፣ አድጎ ጨርሶ እንኳ ክብደቱ ከ3 ኪሎ እምብዛም የማያልፍ የውሻ ዓይነት ነው። አንባቢ ይህን ሲያይ፣ ስንት ቁም ነገር እያለ ስለ ውሻ ይጻፋልን ብሎ ይስቅ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ቢታገሠን ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳልናል።

በእኛ በባሌ ደጋ ውሻ ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በዲንሾ፣ ውሻ የበረት ዘበኛ እንጂ የቤት ጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ቀን ከእረኛው ኋላ ኋላ ይሄዳል፤ ውርጭ ሲወርድ ደጅ ያድራል፤ የሚበላውም ከሰው የተረፈውን ነው። ጥርሱ አልቆ ዓይኑ ሲፈዝ፣ ደግ ባለቤት የገጠመው እንደ ሆነ፣ ብዙ ዘመን ጠብቆኛል ተብሎ ከእሳቱ ጥግ ይጠጋል። በሰውና በውሻ መካከል ያለው ሒሳብ በእኛ ዘንድ ይኸው ነው፤ ውለታ በውለታ። ሉሉ ግን በረት አልጠበቀችም፤ ጅብም አላባረረችም። ታዲያ ንጉሠ ነገሥቱን ከእርስዋ ጋር ያስተሳሰራቸው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የጌታዋን ሕይወት ከልጅነታቸው ጀምሮ መከተል ይገባል።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺ እመቤት ሲሞቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። አባታቸው ራስ መኰንን በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉም የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጥላ ሥር አደጉ። በቤተ መንግሥት የሚያድግ ልጅ ደግሞ ከፊደል ቀጥሎ የሚማረው ሐሳቡን በፊቱ ላይ አለማሳየትን ነው፤ እርሳቸውም ይህን ትምህርት ከሁሉ አብልጠው ተማሩት። በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተባሉ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አገሪቱን በወረረ ጊዜ ተሰደዱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ።

ይህን ሁሉ በታሪክ ትምህርት ተምረነዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው በዘውዱ ሥር የተቀመጠው አባት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከወለዷቸው ሰባት ልጆች አምስቱን ቀበሩ። ልዕልት ዘነበወርቅ በ1926 ዓ.ም. ሞቱ፤ ልዕልት ሮማነወርቅ በጣሊያን አገር በእስር ላይ እንዳሉ በ1933 ዓ.ም. አረፉ፤ በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የተመለሱት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. ተቀጩ። ከሁሉ ይልቅ ይወዷቸው ነበር የሚባሉት የሐረሩ መስፍን ልዑል መኰንን በግንቦት ወር 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በየካቲት እቴጌ መነን፣ በሚያዝያ ልዑል ሣህለ ሥላሴ በሁለት ወር ልዩነት ተከታትለው አረፉ። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የቀረው ጥቂት ነበር።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ ክቡር ዘበኛቸው ተነሣባቸው። መሪው ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ እርሳቸው ራሳቸው አምነው የሾሙት የዘበኛው አዛዥ ነበር። የተነሡት ሰዎች ለድሃው ብለን ነው አሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው በአዲስ አበባ መንገድ ሰልፍ ወጡ። የዚያን ነገር ፍርድ ለሌላ ጽሑፍ እናቆየው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት በሰው ላይ ሳይሠራ ቀረ። ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮች የተገደሉበትን የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። መኖሪያቸውም የዘውዱ 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሆነ። የሉሉም ታሪክ የዚህ ግቢ ታሪክ ነው።

የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ምን ይመስል እንደ ነበር ለዛሬ ተማሪ ማስረዳት ያስቸግራል። ወደ ንጉሡ የሚቀርብ ሁሉ እጅ ይነሣል፤ ሲወጣም ጀርባውን ሳይሰጥ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወጣል። ከቀረበውም ሰው መካከል የማይፈልግ የለም፤ አንዱ ሹመት፣ አንዱ መሬት፣ አንዱ ምሕረት፣ አንዱ የባላጋራውን መውደቅ ይፈልጋል። ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ ደጅ የሚጠና ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ደጅ ሳትጠና የምትገባ አንዲት ፍጥረት ብትኖር ሉሉ ነበረች። አቤቱታ የላትም፤ ሹም ሽር አያሰጋትም፤ ስትወጣ ጀርባዋን ትሰጣለች። በዘመኑ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ወይም እግር ሥር ትታያለች። ፊታቸውን እንደ ዘጉት መጽሐፍ ይዘው የኖሩት ሰውም ወደ እርስዋ ጎንበስ ሲሉ የአንድ ተራ ሽማግሌ ፊት ይወጣቸዋል። እንግዲህ ያስተሳሰራቸው ይህ ይመስለናል፤ ሁሉ የሚፈልጋቸው ሰው፣ ምንም የማትፈልግባቸውን ወደዱ።

እርጅና ግን ዘውድ አይፈራም። የውሻ ዕድሜ አጭር ነው፤ እንደ ሉሉ ያለ ትንሽ ዘር በደህና ቢያዝ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት ይኖራል፤ በመጨረሻው ዘመኑ ጥርሱ ይረግፋል፤ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ እርምጃውም ያጥራል። ጌታዋም ሰማንያውን ዓመት በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ደፈኑ። በ1965 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ በጽኑ ታመው ለሕክምና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ ዘውዱን ማን እንደሚወርሰው እንኳ ሳይታወቅ ቀረ። ሉሉ በሞተች ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ መንግሥቱ የአትክልት ቦታ አስቀበሯት፤ በመቃብርዋም ላይ ስምዋ የተቀረጸበት ድንጋይ አቆሙላት። ይህን ድንጋይ አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሉሉን በዓለም ላይ ያስጠራት ግን የጌታዋ ፍቅር ሳይሆን አንድ መጽሐፍ ነው። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ የተባለው የፖላንድ ጋዜጠኛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ውድቀት መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ምስክርነቱን የጀመረው በእርስዋ ነው። በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የተጠቀሰ አንድ የቀድሞ አገልጋይ፣ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና እነርሱ ግን ንቅንቅ ማለት እንደማይችሉ፣ የእርሱም ሥራ አሥር ዓመት ሙሉ ያን ጫማ መወልወል እንደ ነበረ ይናገራል። ወሬው በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን አዳረሰ። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ሰዎችና የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠኑ ሊቃውንት ግን መጽሐፉን አጥብቀው ተችተውታል፤ ስማቸው ያልተነገረ ምስክሮች የሚሉትን ማንም ሊመረምረው አይችልምና። እኛም ታሪኩን እንደ ተረት እንጂ እንደ ማስረጃ አንቀበለውም።

ማስረጃ የሆነው ሌላ ነው። ሉሉ በምንጣፍ ላይ ስትመላለስ በነበረበት ዘመን እኛ ያለንበት ባሌ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በመሬትና በግብር ምክንያት በዐመፅ ይታመስ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ ረሀብ ገባ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የተራበውን ሕዝብ በፎቶግራፍ ለማሳየት ቢሞክሩም ባለሥልጣኖች ነገሩን ማፈን መረጡ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ሲታይ ግን በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አልቆ ነበር። ከዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. በዕንቍጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በመካከሉም የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ሥዕል ገብቶበት ነበር። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ታየ፤ ቀጥሎ ሥጋ የሚበላ ውሻ ታየ። ከዚህ በላይ ክስ መጻፍ አላስፈለገም። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ።

ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት በእስር እንዳሉ ሞቱ። መንግሥት በሕመም ነው አለ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ በተካሄደው ችሎት ግን ታፍነው መገደላቸው ተከሰሰበት። አልተለቀሰላቸውም፤ ፍትሐትም አልተደረገላቸውም። ዐፅማቸው በየካቲት 1984 ዓ.ም. በዚያው ግቢ ከወለል በታች ተቆፍሮ እስኪወጣ ድረስ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ምልክት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ቆየ፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩትም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ የሉሉ ድንጋይ ቆሞ ነበር። ውሻዪቱ መቃብር ነበራት፤ ጌታዋ አልነበራቸውም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል ይመስላል። ንጉሡን የሚወዱ ለእንስሳ እንኳ የሚራራ ልብ ነበራቸው ይላሉ፤ የሚጠሉ ሰው እየተራበ ውሻ ያበላሉ ይላሉ። ለእኛ ሁለቱም በቂ ሆኖ አይታየንም። አምስት ልጆችና ሚስት የቀበረ ሽማግሌ ውሻ ቢወድ ኃጢአት የለበትም፤ ከሉሉ አፍ የተረፈ ቁራሽ ሥጋም ወሎን ባላዳነ ነበር። ነገር ግን ያ ፍቅር እውነተኛ መሆኑ ከክሱ ነጻ አያወጣቸውም፤ እንዲያውም ክሱን ያከብደዋል። መውደድ የማይችል ሰው ቢሆኑ ኖሮ አላወቁም እንል ነበር። መውደድ የሚችሉ ነበሩ፤ ፍቅሩ ግን ከአጥሩ አላለፈም። ሉሉ ደጅ ሳትጠና ስትገባ የወሎ ገበሬ ጩኸት በአሥር በር ተዘግቶበት ቀረ። ጥፋቱ በሩ ለውሻ መከፈቱ አይደለም፤ ለሰው መዘጋቱ ነው።

ይህ የንጉሥ ነገር ብቻ እንዳይመስለን ወደ ዲንሾ እንመለስ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በእኛ በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተሻግሮ ዲንሾ አጠገብ ባለው በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ያው በሽታ ሕፃናትንም ይገድላል። የእነዚያ ውሾች ባለቤቶች ክፉዎች አልነበሩም፤ ውሾቻቸውን ይወዱ ነበር፤ ፍቅራቸው ግን እስከ በረታቸው አጥር ብቻ ነበረ። ዛሬ በየመንደሩ ለውሾች ክትባት ይሰጣል። ያረጀ ውሻውን በገመድ ጎትቶ ለመርፌ የሚያቀርብ የዲንሾ ገበሬ፣ በአንድ ጊዜ ውሻውን፣ የጎረቤቱን ልጅና በተራራው ላይ ያለውን ቀበሮ ወደደ ማለት ነው። ዘውድ የጫኑት ጌታ ያልሆነላቸው ነገር ለእርሱ ሆነለት።