ማሪ ድሬስለር፦ ከ60 ዓመቷ በኋላ የደመቀችው ኮከብ

ሆሊውድ ወጣትነትንና ቁንጅናን አብዝቶ በሚሻበት ዘመን፣ ከ60 ዓመት በላይ የኾናት ገዘፍ ያለች ሴት የአሜሪካን ሲኒማ ቤቶች በተመልካች አጥለቅልቃለች። ይህች ሴት ማሪ ድሬስለር ናት።

ማሪ እ.ኤ.አ በ1868 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ በኮበርግ ከተማ ተወለደች። አባቷ የሙዚቃ መምህር ነበር። ገና በ14 ዓመቷ ከቤት ወጥታ ከከተማ ከተማ የሚዞር የቴአትር ቡድን ተቀላቀለች። መልከ መልካም እንዳልኾነች ታምን ስለነበር ሰውን በማሳቅ እንጀራዋን መብላት ጀመረች፤ በብሮድዌይ መድረክም ዝናን አተረፈች። እ.ኤ.አ በ1914 በሠራችው ድምፅ አልባ አስቂኝ ፊልም መሪ ተዋናይት እርሷ ስትኾን፣ ያኔ በፊልም ሥራ ጀማሪ የነበረው ቻርሊ ቻፕሊን አብሯት ተውኗል።

እ.ኤ.አ በ1919 የኒው ዮርክ ተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ማሪ ያለ ክፍያ ልምምድ ያደርጉ ከነበሩት የኅብረ ዝማሬና የውዝዋዜ ልጃገረዶች ጎን ቆመች፤ የማኅበራቸውም የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ኾነች። አድማው በድል ቢጠናቀቅም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሥራ እየራቃት ሄደ። ዕድሜዋም 50ን ተሻግሮ ነበር።

እ.ኤ.አ በ1927 የቀድሞ ወዳጇ፣ የፊልም ጸሐፊዋ ፍራንሲስ ማሪዮን፣ ወደ ሲኒማው መለሰቻት። ብዙም ሳይቆይ ፊልም ድምፅ አወጣ። አዲሱ ጥበብ ብዙ የድምፅ አልባ ዘመን ከዋክብትን ሲፈትን፣ ከ40 ዓመታት በላይ በመድረክ ለተገራው የማሪ ድምፅ ግን በር ከፈተ።

እ.ኤ.አ በ1930 "አና ክሪስቲ" በተሰኘው ፊልም ከግሬታ ጋርቦ ጋር ተወነች። በዚያው ዓመት "ሚን ኤንድ ቢል" በተሰኘው ፊልም ደግሞ፣ እናቷ ጥላት የሄደችን ልጅ የምታሳድግ የወደብ ዳር እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ኾና ተጫወተች። ይህ ሚና 63ኛ የልደት ቀኗን ባሳለፈች ማግሥት የኦስካር ሽልማት አስገኘላት። እ.ኤ.አ በ1932 እና በ1933 የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ተመልካች በመሳብ ቀዳሚዋ ብለው መረጧት። ሥራ አጥነት አሜሪካውያንን ባጎሳቆለበት በዚያ ጊዜ፣ የተሸበሸበው ፊቷ የተመልካቹን ድካም የሚያውቅ ፊት ነበር።

ማሪ እ.ኤ.አ በ1934 በካንሰር ሕመም በ65 ዓመቷ አረፈች። በታላቅ ስኬት የቆየችው ለ4 ዓመታት ያህል ብቻ ነበር። በኮበርግ የሚገኘው የልጅነት ቤቷ ዛሬም በስሟ ይጠራል።