የጋፋቱ ባለ እጅ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር

የጋፋትን ስም ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ኮረብታ ናት። መድፉን ያሠሩት አፄ ቴዎድሮስ መሆናቸውንም ሁሉ ያውቃል። በእሳቱ ፊት ቆመው ነሐሱን ያቀለጡት እነማን እንደ ነበሩና ኋላ ምን እንደ ደረሰባቸው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ከእነርሱ የአንዱን፣ የቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ሕይወት ለመጻፍ መረጥን።

ዋልድማየር በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1832 በስዊስ አገር ሜሊን በምትባል ቀበሌ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልንበት ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) ትምህርቱንም በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈጸመ። ቀደም ሲል በአገራችን የኖሩትና በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆኑት ሳሙኤል ጎባት፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚላኩት ወጣቶች ወንጌልን ብቻ ሳይሆን የእጅ ሥራንም የሚያውቁ እንዲሆኑ ፈልገው ነበር። አፄ ቴዎድሮስም ከሰባኪ ይልቅ አናጢና አንጥረኛ ይወዱ ስለ ነበር ሐሳቡ ተስማማቸው። ዋልድማየር በ1859 ገደማ አገራችን ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን፣ ማለት የሊቀ መኳስ ዮሐንስን ልጅ አገባ። የልጅቱ እናት ኢትዮጵያዊት ስለ ነበረች ዋልድማየር ከባዕድነት ይልቅ ወደ ቤተ ዘመድነት ቀረበ። አማቱ ግን በ1860 ንጉሡን ከሞት ለማዳን ሲዋጋ ወደቀ።

በጋፋት የሰፈሩት ባለ እጆች በመጀመሪያ የሠሩት መንገድና ጋሪ፣ የጠገኑትም ጠመንጃ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ግን መድፍ እንዲያፈሱላቸው ጠየቁ። ሰዎቹ ይህን ጥበብ አልተማርንም ብለው ቢመልሱም ንጉሡ አልተቀበሉም፤ አገልጋዮቻቸው በሰንሰለት ታሰሩ፤ እንሞክራለን እስኪሉም ድረስ አልተፈቱም። በአንድ በኩል ይህን ስናነብ ያሳዝነናል። በሌላው በኩል ደግሞ ንጉሡ ሥራቸው በሠመረ ጊዜ ገንዘብ፣ በቅሎና የክብር ልብስ እንደ ሸለሟቸው መዘንጋት አይገባም። ሚሲዮናውያን ሆነው መድፍ ሠሩ ብለው የነቀፏቸው አውሮጳውያን ብዙዎች ነበሩ። እኛ ግን ነቃፊዎቹ በሩቅ ተቀምጠው የተናገሩ ይመስለናል።

ሥራው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ ለመረዳት ስለ ማዕድኑ ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። መድፍ የሚፈስበት ነሐስ በልማድ ዘጠኝ እጅ መዳብና አንድ እጅ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ መዳብ ግን 1085 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ መዳቡ በፊት ይቀልጣል፤ ቆርቆሮው እንዳይቃጠል በመጨረሻ ይጨመራል። የአገራችን ቀጥቃጭ በወናፍ የሚያነደው እሳት ለማረሻና ለማጭድ ይበቃል፤ ብዙ ኩንታል ነሐስ በአንድ ጊዜ ለማቅለጥ ግን ትልቅ እቶን መሥራት ግድ ነው። እቶኑም ከተራ ሸክላ ከተሠራ ማዕድኑ ሳይቀልጥ ጡቡ ራሱ ይለሰልሳል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን እርጥበት ነው። ነሐሱ የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ ውስጡ ጥቂት ውሃ ከቀረበት፣ ያ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ከ1600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ የቀለጠውንም ነሐስ በቆሙት ሰዎች ላይ ይረጨዋል። ቅርጹ ቀስ ብሎ በእሳት መድረቅ ያለበት ስለዚህ ነው። ማፍሰሱም አንዴ ከተጀመረ ማቋረጥ አይቻልም፤ በመካከል ከቆመ የቀዘቀዘው ከትኩሱ ጋር አይጋጠምም። እንዲህ ያለውን ነገር ከመምህር ያልተማረ ሰው የሚማረው በመክሸፍ ነው። የጋፋት ሰዎችም የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሸፈ፤ ንጉሡ ግን እንደገና እንዲሞክሩ አዘዙ።

ስለ እቶን ስናነብ አንድ ሌላ ድንጋይ አጋጥሞናል። በአውሮጳ ማዕድን አቅላጮች ከጥንት ጀምሮ ፍሎርስፓር የሚባል ድንጋይ ወደ እቶን ይጨምሩ ነበር። በኬሚስትሪ ስሙ ካልስየም ፍሎራይድ ነው፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሲሆን ነጭ፣ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መልክ አለው። ከማዕድኑ የሚለየው ቆሻሻ እንደ ገንፎ ወፍሮ ሲያስቸግር ይህ ድንጋይ እንደ ሾርባ ያቀጥነዋል፤ ስሙም መፍሰስ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ድንጋዩ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ በእጅ ቢያዝ አይጎዳም፤ አቧራውን መተንፈስ ግን አይገባም። ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲሞቅ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጣል። ይህ መስተዋትን የሚበላ፣ በቆዳ አልፎ እስከ አጥንት የሚዘልቅ፣ አንዳንዴም ሕመሙ ከብዙ ሰዓት በኋላ የሚሰማ መርዝ ስለ ሆነ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ፈጽሞ አይሞከርም። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሟሳን ፍሎሪን የተባለውን ጋዝ ለብቻው ለይቶ ያወጣው በ1886 ነው፤ ከእርሱ በፊት የሞከሩ አንዳንዶች በመርዙ ሞተዋል። በዚያው ዓመት ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን የሚናገር መጽሐፍ በለንደን አሳተመ።

ወደ ጋፋት እንመለስ። ሙከራው ከተሳካ በኋላ መድፎቹ እያደጉ ሄዱ፤ የመጨረሻው ትልቁ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ዋልድማየርና ጓደኞቹም አብረው ተወሰዱ። መድፉን በሰው ጉልበት ለመጎተት መንገድ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። አንድ ንጉሠ ነገሥት፣ ባለ እጅ ቡዳ ተብሎ በሚናቅበት ዘመን፣ በአቧራ ተሸፍኖ መንገድ ሲጠርግ ማየት ለሠራዊቱ እንዴት ያለ ነገር ነበር! የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት መድፎቹ ድል አላመጡም፤ አፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

እኛን የሚቆጨን ከመድፉ ይልቅ እቶኑ ነው። በጋፋት ከአውሮጳውያኑ ጋር የሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበሩ። እሳቱን ማንደድ፣ ጭቃውን ማድረቅ፣ ነሐሱን ማፍሰስ በዓይናቸው አይተዋል፤ በእጃቸውም ሠርተዋል። ንጉሡ ሲሞቱ አውሮጳውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም እቶን ዳግመኛ አልነደደም።

ዋልድማየር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሶርያ አገር ሄደ። በ1873 ከቤይሩት በላይ በሊባኖስ ተራራ ላይ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ያስተምራል። በሸመገለም ጊዜ አላረፈም። በዚያ አገር የአእምሮ ሕመምተኞች በገዳም ዋሻ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው ይቀመጡ ነበር። ይህን አይቶ ከአገር አገር እየዞረ ገንዘብ ለመነ፤ በ1896ም የሆስፒታል ማኅበር አቋቋመ። አስፉሪየህ የተባለው ሆስፒታል በ1900 በሽተኞችን መቀበል ጀመረ፤ እስከ 1982ም ሠራ። ዋልድማየር በ1915 በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ገደማ ዐረፈ።