አኑሪን ቤቫን፦ ሠላሳ አንድ ዓመት በምክር ቤት

በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት አይደለም። ደወል ይደወላል፤ አባላቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከአዳራሹ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት መተላለፊያዎች፥ ደጋፊው በአንዱ፥ ተቃዋሚው በሌላው ያልፋሉ። የእያንዳንዱ ስም ይመዘገባል፤ መዝገቡም ታትሞ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው በአደባባይ የተናገረውና በመተላለፊያው ያለፈበት ቢለያይ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም።

ሕክምና የምንማር ተማሪዎች የአኑሪን ቤቫንን ስም የምንሰማው ለእንግሊዝ ሕዝብ ነጻ ሕክምናን ያስገኘ ሚኒስትር ተብሎ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ታሪክ ይሆናል። በዚህ እትም ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የፈለግነው ሰውየው ከ1929 እስከ 1960 ድረስ እንዴት እንደተመረጠና ድምፁን ለማን እንደሰጠ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቤቫን በኖቬምበር 1897 በደቡብ ዌልስ፥ ትሬዴጋር በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። እሱም በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። በልጅነቱ ምላሱ ይኮላተፍ ነበር፤ በኋላ በዘመኑ ከነበሩት ተናጋሪዎች ሁሉ የሚፈራው እሱ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስገርማል። ያነበበውን ያነበበው በሠራተኞቹ መዋጮ በተቋቋመ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1919 እስከ 1921 ለንደን በሠራተኞች ኮሌጅ ተምሮ ሲመለስ ሥራ አላገኘም። በ1925 አባቱ የከሰል ብናኝ በሚያመጣው የሳንባ በሽታ ሞቱ። ያን ጊዜ ሕጉ ይህን በሽታ ከሥራ የመጣ ሕመም ብሎ አይቆጥረውም ነበርና ቤተሰቡ አንዲት ሳንቲም ካሣ አላገኘም።

ትሬዴጋር ውስጥ ለታሪካችን ዋና የሆነ አንድ ማኅበር ነበር። ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ ሐኪም ይቀጥራሉ፥ መድኃኒት ይገዛሉ፥ ሆስፒታል ያስተዳድራሉ። አሠራሩን እድር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ልዩነቱ እድር ሰው ከሞተ በኋላ ሲደርስ ይኸኛው ሰው ሳይሞት መድረሱ ነው። ቤቫን በዚህ ሥራ ኮሚቴ ውስጥ አገልግሏል። ከብዙ ዓመት በኋላ በሕግ ያወጣው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

በ1922 ለከተማው ምክር ቤት፥ በ1928 ለመንመዝሺር አውራጃ ምክር ቤት ተመረጠ። በ1929 የኤብ ቬል ከሰል ቆፋሪዎች ነባሩን እንደራሴያቸውን ትተው በማኅበራቸው ውስጥ ድምፅ በመስጠት ቤቫንን እጩ አደረጉት። እውነተኛው ውድድር ይኸው ነበር ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በኤብ ቬል የሌበር ፓርቲ እጩ የሆነ ሰው አሸናፊነቱ አያጠራጥርም። በዚያው ዓመት ምርጫ ከ20 ሺ በላይ ድምፅ አግኝቶ ሊበራሉንና ወግ አጥባቂውን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በ1931 ሌበር በመላ አገሪቱ ከ287 መቀመጫ ወደ 52 ሲወርድ ኤብ ቬል ላይ ቤቫንን የሚወዳደር ሰው እንኳ አልቀረበም። በ1935 ወደ 25 ሺ፥ በ1945 ከ27 ሺ በላይ ድምፅ አገኘ፤ በ1950፥ በ1951፥ በ1955ና በ1959ም አሸነፈ። ስምንት ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ከዚህ በታች የምንተርከውን ድፍረቱን ስንመዝን ይህን መርሳት የለብንም፤ መንበሩ የማይነቃነቅ እንደራሴ ለመድፈር ይቀለዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን እንዲህ ያለ መንበር የነበራቸው ብዙዎች እንደነበሩና ሁሉም እንዳልደፈሩ መዝገቡ ይመሰክራል።

በ1930 መጨረሻ ስለ ሥራ አጥነት ኦስዋልድ ሞዝሊ ባዘጋጀው ማኒፌስቶ ላይ ከፈረሙት 17 የሌበር እንደራሴዎች አንዱ ቤቫን ነበር። ሞዝሊ ከፓርቲው ወጥቶ አዲስ ፓርቲ ሲያቋቁም ግን አልተከተለውም፤ ሞዝሊ ወደ ፋሽስትነት ሲያመራ ቤቫን እዚያው ሌበር ውስጥ ቀረ። በሠላሳዎቹ ዓመታት መንግሥት ለሥራ አጡ ድጎማ ከመስጠቱ በፊት የቤተሰቡን ገቢ፥ የልጆቹን ደመወዝ ሳይቀር፥ የሚያስቆጥርበትን ደንብ አጥብቆ ተቃወመ። በ1939 መጀመሪያ ከስታፎርድ ክሪፕስ ጋር ሆኖ ፋሽዝምን የሚቃወሙ ፓርቲዎች ሁሉ በአንድ ግንባር ይሰለፉ ብሎ ስለተከራከረ ሌበር ከአባልነት አባረረው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመለሰ።

ጦርነቱ ሲመጣ ሌበር ከቸርችል ጋር ጥምር መንግሥት ገባ። ቤቫን ጦርነቱን ደግፎ የጦርነቱን አመራር መንቀፍ ይቻላል የሚል አቋም ያዘ። በጁላይ 1942፥ ቶብሩክ በወደቀ በጥቂት ቀን ውስጥ፥ በቸርችል መንግሥት ላይ የእምነት ማጣት ሐሳብ ቀረበ። ውጤቱ 475 ለ25 ሆነ። ቤቫን ከ25ቱ አንዱ ነበር። አገሩ በጦርነት ላይ ሳለ ያን ያህል ሰው በአንድ በር ሲያልፍ በሌላው በር ማለፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምት። በ1944 ደግሞ ያለ ሠራተኛ ማኅበራት ፈቃድ አድማ የሚቀሰቅስን ሰው የሚያስቀጣ ደንብ ሲወጣ፥ ደንቡን ያመጣው የገዛ ፓርቲው ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን ሆኖ ሳለ፥ እንዲሻር የሚጠይቀውን ሐሳብ አቀረበ። ፓርቲው እንደገና ሊያባርረው ከጫፍ ደርሶ ለወደፊቱ ደንቡን እንዲያከብር በጽሑፍ ቃል አስገብቶ ተወው።

እንግዲህ በ1945 ሌበር በ393 መቀመጫ ሲያሸንፍ ክሌመንት አትሊ ይህን አስቸጋሪ ሰው የጤና ሚኒስትር አድርጎ መሾሙ ብዙዎችን አስደነቀ። ቤቫን 47 ዓመቱ ነበር፤ ከካቢኔው አባላት በዕድሜ ትንሹ። የቤት ሥራም በሚኒስቴሩ ሥር ነበር፤ እሱን ግን እዚህ እንለፈው።

የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሕግ በሜይ 1946 ለሁለተኛ ንባብ ቀርቦ 359 ለ172 አለፈ። በጁላይ በሦስተኛው ንባብ 261 ለ113 ጸደቀ። ወግ አጥባቂዎቹ በሁለቱም ጊዜ ተቃወሙ። ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ 1,143 የበጎ አድራጎትና 1,545 የማዘጋጃ ቤት ሆስፒታሎችን ወደ መንግሥት ይዞታ አዛወረ፤ ሕክምናው ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ሆነ፤ ወጪው በአብዛኛው ከግብር ይሸፈናል።

ይሁን እንጂ ከምክር ቤቱ ይልቅ የከበደው የሐኪሞቹ ድምፅ ነበር። ይህን እኛ ነገ ሐኪም የምንሆን ሰዎች አልፈነው ልንሄድ አይገባም። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በፌብሩዋሪ 1948 አባላቱን ድምፅ ሲያሰጥ ከ40 ሺ በላይ ተቃወሙ፤ የደገፉት 5 ሺ አልሞሉም። ሥጋታቸው የመንግሥት ደመወዝተኛ እንሆናለን፥ ነጻነታችን ይጠፋል የሚል ነበር። ይህ ሥጋት ሁሉ የገንዘብ ስስት ነበር ብለን አንፈርድም፤ ቢሮክራሲ በሕክምና ክፍል ሲገባ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ሥጋቱን ይረዳዋል። ግን በከሰል ከተማ ሐኪም ቤት ደጅ ላይ የክፍያውን ገንዘብ እያሰበች የምትመለስ እናት በዚያ ድምፅ ውስጥ ወረቀት አልነበራትም።

ቤቫን መከፋፈልን ያውቅበታል። የሆስፒታል ስፔሻሊስቶቹን የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በነበሩት በሎርድ ሞራን በኩል አግባባቸው፤ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ከፋይ በሽተኛ እንዲያዩ ፈቀደላቸው፤ ደኅና ገንዘብም ሰጣቸው። ለጠቅላላ ሐኪሞቹ ደግሞ በሙሉ ደመወዝ መቀጠር በሕግ እንደማይጫንባቸው አረጋገጠላቸው። በሜይ እንደገና ድምፅ ሲሰጥ የተቃዋሚዎቹ ቁጥር ወደ 26 ሺ ገደማ ወረደ፤ አሁንም ብዙኀኑ ተቃዋሚ ቢሆንም ማኅበሩ ትግሉን መቀጠል አልቻለም። በጁላይ 5 ቀን 1948 አገልግሎቱ ተጀመረ። የከፋዮቹ አልጋ ጉዳይ ግን ከቤቫን ሞት በኋላም ሌበርን ሲያነታርክ ኖሯል። በእኛ አስተያየት ዋጋው ውድ ነበር፤ ያለዚያ ዋጋ ግን በ1948 በሩ አይከፈትም ነበር። በዋዜማው ማንቸስተር ላይ ወግ አጥባቂዎቹን ከተባይ በታች አድርጎ መሳደቡ ፓርቲውን ብዙ ጎድቷል፤ ይህን የሚያስተባብልለት ወዳጅ አላገኘንም።

በመጀመሪያው ዓመት ከ5 ሚሊዮን በላይ መነጽር ታደለ። ጠላቶቹ አባካኝነት አሉት። እኛ የምናየው በገበያ ላይ በግምት የገዙትን መነጽር አድርገው ለዓመታት የኖሩ ሰዎችን ነው። ወጪው ግን ከታሰበው በላይ ሆነ፤ ቤቫንም በ1949 በሐኪም ማዘዣ ላይ ክፍያ ለመጣል የሚያስችል ሥልጣን በሕግ ሲገባ ሳይወድ ተቀብሏል። ሥራ ላይ እንዳይውል ግን ታገለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ስናነብ ይህንም ማስታወስ ተገቢ ነው።

በኤፕሪል 1951 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ጌትስኬል ለሦስት ዓመት የጦር መሣሪያ ዝግጅት የ4,700 ሚሊዮን ፓውንድ ዕቅድ የያዘ በጀት አቀረበ። ከዚሁ ጋር ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር የሚፈልግ የዋጋውን ግማሽ እንዲከፍል ተደረገ፤ ከዚህ በዓመቱ ይገኛል የተባለው 13 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ነበር። ቤቫን በዚያ ጊዜ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ኤፕሪል 22 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ሃሮልድ ዊልሰንና ጆን ፍሪማን ተከተሉት። በስንብት ንግግሩ ብዙ ሰው አልተደሰተም፤ ንዴቱ ክርክሩን ሸፍኖበታል። ጦር መሣሪያውን በተመለከተ ግን ያን ያህል ገንዘብ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊወጣ አይችልም ያለው ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው ሥልጣን ይዘው ዕቅዱን ቀነሱት።

ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ የፓርቲ ውስጥ ጦርነት ነው። በማርች 1952 በመከላከያ ጉዳይ ፓርቲው ድምፀ ተአቅቦ ብሎ ሲያዝ ቤቫንና ጓደኞቹ፥ 57 ሆነው፥ ተቃውመው አለፉ። በማርች 1955 ስለ ሃይድሮጂን ቦምብ 62 የሌበር አባላት ድምፃቸውን አቀቡ፤ የፓርቲው እንደራሴዎች በ141 ለ112 ድምፅ ቤቫንን ከቡድናቸው አገዱት። ጨርሶ ከፓርቲው መባረር የቀረለት በሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ውስጥ በአንድ ድምፅ ብልጫ፥ በ14 ለ13 ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለመሪነት ሲወዳደር ጌትስኬል 157፥ ቤቫን 70፥ ሞሪሰን 40 አገኙ። ኤብ ቬል ሁልጊዜ የመረጠውን ሰው የሥራ ባልደረቦቹ አልመረጡትም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፍበት ክፍለ ዓለም በ1956 የሱዌዝን ጦርነት አየ። ቤቫን የኢደንን ወረራ በምክር ቤትም፥ በኖቬምበር 4 በትራፋልጋር አደባባይ በብዙ ሺ ሕዝብ ፊትም ነቀፈ፤ ናስርንም ቢሆን አልማረም። በ1957 ግን፥ የፓርቲው የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይ ሆኖ፥ በብራይተን ጉባኤ እንግሊዝ ብቻዋን የሃይድሮጂን ቦምብን ትተው የሚለውን ሐሳብ ተቃውሞ አስጣለው። ለዓመታት የተከተሉት ወዳጆቹ ደነገጡ። ሚኒስትር የመሆን ተስፋ ለውጦታል የሚሉ አሉ፤ ያለ ቦምብ ከኃያላኑ ጋር ለመደራደር አይቻልም ብሎ ከልቡ አምኗል የሚሉም አሉ። እኛ ሁለተኛውን እናምናለን፤ ግን በ1955 ድምፁን ካቀበ ሰው ይህ ይጠበቃል አንልም።

በ1959 የፓርቲው ምክትል መሪ ሆነ። በዲሴምበር ሆዱን ሲከፍቱት የጨጓራ ካንሰር ተገኘ። በጁላይ 6 ቀን 1960፥ አገልግሎቱ ከተጀመረ ከ12 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፥ በእርሻ ቤቱ ሞተ። በኖቬምበር በኤብ ቬል የማሟያ ምርጫ ወዳጁ ማይክል ፉት መንበሩን ወረሰ።

የማዘዣውን ክፍያ በ1952 ወግ አጥባቂዎቹ ሥራ ላይ አዋሉት፤ በ1965 ሌበር አነሣው፤ በ1968 ራሱ ሌበር መለሰው። በቤቫን አገር በዌልስ በ2007 ክፍያው ቀርቷል፤ በእንግሊዝ ግን ዛሬም ይከፈላል።