አልፍሬድ ቬግነር፤ ሕይወቱና ለስምጥ ሸለቆ መሐንዲስ የተወው ትምህርት

ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ የሚሻገር መንገደኛ የጉራጌን ተራሮች ወጥቶ ሲወርድ ከአንድ ዓይነት ምድር ወደ ሌላ መሸጋገሩን ልብ ላይለው ይችላል። ወልቂጤ ከተራሮቹ በስተ ምዕራብ፣ ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ስትገኝ፣ ቡታጅራ ግን በስተ ምሥራቅ በሸለቆው ጠርዝ ግርጌ ተቀምጣለች። በአካባቢዋ የሚታዩት የእሳተ ገሞራ ጉብታዎችና በፍንዳታ የተቦረቦረው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ ምድሪቱ ከሥር እየተሳበች መሆኗን ይመሰክራሉ። አህጉራት ከቦታቸው የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን በተሟላ ጥናት ለዓለም ያቀረበው ሰው ግን የአለት ተመራማሪ ሳይሆን የአየር ጠባይ ሊቅ የነበረው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቬግነር ኖቬምበር 1 ቀን 1880 በበርሊን ተወለደ። በ1905 በሥነ ፈለክ የዶክተርነት ማዕረግ ቢያገኝም ልቡ ወደ አየር ጠባይ ጥናት ስላዘነበለ፣ በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በፊኛ ከ52 ሰዓት በላይ ሳያርፍ በመብረር የዘመኑን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ወደ ግሪንላንድ የመጀመሪያ ጉዞውን ጀመረ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በእኛው ስምጥ ሸለቆ ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ ደርሶ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር።

የአትላንቲክ ውቅያኖስ ግራና ቀኝ ጠረፎች በካርታ ላይ መመሳሰላቸው ያሳሰበው ቬግነር፣ አህጉራት ቀድሞ አንድ የነበሩ መሆናቸውን ጃንዋሪ 6 ቀን 1912 በፍራንክፈርት ለጉባኤ አቀረበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቆሰለ በኋላም ሐሳቡን አስፍቶ በ1915 በመጽሐፍ አወጣው። ከማስረጃዎቹ አንዱ የውቅያኖስ ወለል ነበር። ወለሉ የሰጠመ የብስ ቢሆን ኖሮ የምድር ገጽ ከፍታዎች በአንድ አማካይ ዙሪያ በተበተኑ ነበር፤ ይሁን እንጂ ልኬቱ ያሳየው ሁለት የተለዩ ደረጃዎችን ነው። አንደኛው ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር ያህል፣ ሁለተኛው ከባሕር በታች 4,700 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የውቅያኖስ ወለል ከአህጉር አለት የከበደ፣ የተለየ አለት መሆን አለበት አለ። የቀይ ባሕርን ሁለት ዳርቻዎች ሲያገጣጥምም የአፋር ምድር በአዲስ የእሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነ መሆኑን አስተውሏል።

ተቃውሞው ብርቱ ነበር፤ ከፊሉም ትክክል ነበር። ቬግነር አህጉራትን የሚገፋው ኀይል የምድር ሽክርክርና ባሕርን የሚያስሞላው የሚያስጎድለው የጨረቃና የፀሐይ ስሕበት ነው ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ጄፍሪስ ግን እነዚህ ኀይላት እጅግ ደካማ መሆናቸውን በስሌት አሳየ። ግሪንላንድ በዓመት በሜትሮች ትርቃለች የሚለው ልኬትም በጊዜው መሣሪያ ስሕተት የተዛባ ነበር። ጥፋቱ፣ ኀይሉ ስላልታወቀ ብቻ የታየውን ሁሉ አብሮ መጣል ነበር።

በ1930 መጸው፣ በግሪንላንድ በረዶ መካከል ከጠረፍ 400 ኪሎሜትር ያህል ርቀው ለሚገኙ ባልደረቦቹ ስንቅ ሊያደርስ ተነሣ። ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ያለፈውን ብርድ ተቋቁሞ ደረሰ፤ ሆኖም ስንቁ ለሁሉም ስለማይበቃ በ50ኛ የልደት ቀኑ ከግሪንላንዳዊው ራስሙስ ቪሉምሰን ጋር ለመመለስ ወጣ። በመንገድ ሞተ። ቪሉምሰን በክብር ቀብሮት፣ በመቃብሩም ላይ የበረዶ መንሸራተቻውን ምልክት አድርጎ ተክሎ ሄደ። የቬግነር አስከሬን በሜይ 1931 ተገኘ፤ የቪሉምሰን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በ1950ዎቹ ማሪ ታርፕና ብሩስ ሂዘን የአትላንቲክን ወለል በካርታ ሲነድፉ፣ በመካከሉ ባለው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ የሚመስል ስንጥቅ አገኙ። በ1960ዎቹም አዲስ የውቅያኖስ ወለል በዚያ እንደሚፈጠር ተረጋገጠ። በ2005 በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ ቅልጥ አለት 60 ኪሎሜትር በሚያህል ርዝመት ከመሬት በታች ሰርጎ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር አለያያት። ዋናው ስምጥ ሸለቆአችንም በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቡታጅራ አቅራቢያ በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ ሳለ፣ አንድ የአገር ሽማግሌ በቁፋሮው የታየው ስንጥቅ በክረምት ዝናም እንደሚከፈት ነግረውን ነበር። በንድፉ ላይ ስላልነበረና ምክንያቱንም ስላላወቅን በአፈር ሞልተን ቀጠልን። በሚቀጥለው ክረምት ግድግዳው ተሰነጠቀ። የቬግነርን ታሪክ በሚገባ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ካፈናቀለ በኋላ ደግሞ፣ በሸለቆው ጠርዝ ለሚያድጉ ከተሞች የአፈር ምርመራንና የመንቀጥቀጥ ስሌትን ለይስሙላ መሥራት ከእንግዲህ ይቅርታ የለውም። ምክንያቱን እስክናገኝ ድረስ ያየነውን መዝግበን እንጠብቅ፤ ቬግነር ለሙያችን የተወው ውርስ ይኸው ነው።