ሐኪም ወርቅነህን ያስተማሩ ሁለት ሰዎች

በማኅበራችን የተማሪዎች ድጋፍ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የምንከራከረው ማን ይመረጥ በሚለው ላይ ነው። ትምህርት የጀመረች ልጅ መሃል መንገድ ላይ ከፋይ ብታጣስ? ይህን ስናነሳ ብዙ አልሰማሁም። እኔ ግን የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ይመጣብኛል።

ወርቅነህ ጎንደር ተወለደ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበር። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለየ። ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። በ2006 ዓ.ም. በፓጋክ በኩል ስንሻገር ከእናታቸው እጅ የጠፉትን ልጆች ያየ ሰው ይህን እንደ ተረት አያነበውም።

ከዚያ ቻምበርሌን ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ሰው ቀረ፤ ትምህርቱም እዚያው ባበቃ ነበር። ግን ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርት ቤቱን ወጪ ተረክቦ ከፈለ። ልጁ ያደገበት ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም የመጣው ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። በኋላ በስኮትላንድ ትምህርቱን ገፍቶ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ።

የተከፈለለት ነገር ሁሉ ያለ ዋጋ አልነበረም። አማርኛው ጠፍቶበት ነበር፤ ቤተሰቡም በሕይወት መኖሩን አያውቅም ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ሲደርስ የለዩት ሴት አያቱ ናቸው፤ በልጅነቱ ያውቁት በነበረው ጠባሳ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ሐኪም ወርቅነህ ቋንቋቸውን እንደገና ተምረው ስለ ዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ መጽሐፍ ጻፉ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም በኃላፊነት መሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ያስተማሯቸውን ሁለት ልጆቻቸውን፣ ቢንያምንና ዮሴፍን፣ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሏቸው። እሳቸው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ።

ቻምበርሌንን ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ ልጁን ያነሳው እሱ ነውና። እኔ ግን ማርቲንን አስባለሁ፤ ያልጀመረውን ነው የጨረሰው። እናም በሚቀጥለው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ አዲስ ተማሪ ከመመዝገባችን በፊት፣ አሁን ነርስነትና ስፌት የሚማሩት ልጆቻችን እስኪጨርሱ የሚበቃውን ገንዘብ ለይተን እናስቀምጥ። ደጋፊዎቻችንም ከዚህ ውስጥ የትኛውን ዓመት እንደሚሸፍኑ ከወዲሁ ቢነግሩን ዝርዝሩን ለማውጣት ይመቸናል።