ሲልቪያ ፓንክረስት፦ ከኢትዮጵያ ወዳጅነት በፊት

የሲልቪያ ፓንክረስት ስም በአገራችን የሚነሣው ከፋሺስት ወረራ ጋር ተያይዞ ነው። የዘመቻ ጥበባቸው ግን የዳበረው ቀደም ብሎ፣ በምሥራቅ ለንደን የሠራተኛ ሰፈሮች ነበር። በዚያ የመሠረቱት ማኅበር ድሆች ሴቶችን ለአደባባይ ንግግር ያለማምድ ነበር። ሰኔ 13 ቀን 1906 ዓ.ም. ከጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ ፊት ቀርበው የድምፅ መብት የጠየቁት ከዚያው ሰፈር የተመረጡ ስድስት ሴቶች ሲሆኑ፣ ሲልቪያ ከመካከላቸው አልነበሩም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሥልጠናው ዋና ፍሬ ይህ ነው፤ አሠልጣኟ ገለል ብለው ሠልጣኞቹ ተናገሩ።

በ1928 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ሲያቋቁሙ ይህ ልምድ በእጃቸው ነበር። የጣሊያን ጦር ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ በኋላም ጋዜጣው እስከ 1948 ዓ.ም. ቀጠለ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ዐረፉ።